ወረ ባቦ፤ በምድር ላይ የቀረ የቤት ስም

በአገራችን ሕፃን ሲወለድ የራሱ ስም ይወጣለታል፤ ከስሙም ቀጥሎ የአባቱ ስም ይጠራል። እርሱም በተራው ልጅ በወለደ ጊዜ የአባቱ ስም ወደ ሦስተኛው ስፍራ ይወርዳል፤ በአራተኛውም ትውልድ ከሰው አፍ ይጠፋል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ስም እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም። ሰው ሁሉ የራሱን ስም ይዞ ይኖራል፤ ሲሞትም ስሙ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ላይ ጥቂት ቆይቶ ያበቃል። ሰባት ቤት ቍጠር ቢባል ያለ ማመንታት የሚቈጥረው ሽማግሌው ነው፤ ወጣቱ ግን ከአያቱ በላይ ሲደርስ ይቆማል።

ብዙዎች ሌሎች ሕዝቦች አንዱን የቤት ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይዘው ይኖራሉ። ይህም ልማድ በብዙ አገር ከመዝገብ ጋራ እየጸና የሄደ ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1539 ዓመት ባወጣው ዐዋጅ ቄሶች የሚያጠምቁትን ልጅ ሁሉ በመዝገብ እንዲጽፉ አዘዘ። የቱርክ መንግሥትም በ1934 ዜጋው ሁሉ የቤተ ሰብ ስም እንዲይዝ በሕግ አስገደደ። በአንጻሩ የአይስላንድ ሰዎች በአብዛኛው እስከ ዛሬ ድረስ እንደ እኛ በአባታቸው ስም ይጠራሉ። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ የቤተ ሰብ ስምና የግል ስም፥ የአባትም ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕጉ በመጽሐፍ ተጻፈ እንጂ በሕዝቡ ኑሮ አልገባም፤ ሰዉ እንደ አባቶቹ ልማድ መጠራቱን ቀጠለ። ወደ ውጭ አገር የሄዱት ወገኖቻችን ብቻ የባዕድ መንግሥት መዝገብ የቤት ስም ሲጠይቃቸው የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም እየሰጡ፥ ያም ስም በልጆቻቸው ላይ ረግቶ ቀረ።

እንግዲህ የቤት ስም በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር ነው። ነገር ግን እንግዳ ነው ማለት ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። በወሎ ምድር ታላላቅ ቤቶች በአንድ አባት ስም ተጠርተው፥ ያም ስም ሁለት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ጸንቶ የኖረበት ጊዜ አለ። ሰዎቹ ያን ስም ከራሳቸው ስም ጋራ አልተሸከሙትም፤ የተሸከመችው ምድሪቱ ናት። ስለዚህ የትውልድ ሐረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የአገሩን ስም ሊሆን ይገባል።

በደቡብ ወሎ፥ ከሐይቅ ውኃ በስተ ምሥራቅ፥ ደጋው ወደ ዐፋር ቆላ በሚወርድበት አገር ቢስቲማ የምትባል ከተማ አለች። የቢስቲማ ወረዳ ወረ ባቦ ይባላል። ከደሴም ከኮምቦልቻም ወደዚያ የሚሄድ ነጋዴ ይህን ስም ዘወትር ይጠራዋል፤ ነገር ግን የጠራው የአንድ ሰው ቤተ ሰብ ስም መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። ወረ የሚለውን ቃል አንዳንዱ ወሬ ከሚለው፥ ሌላውም መውረር ከሚለው ሊያገናኘው ይፈልጋል። ቃሉ ግን የኦሮምኛ ነው፤ ትርጓሜውም ቤተ ሰብ፥ ወገን ማለት ነው። ወረ ባቦ ማለት የባቦ ቤት ማለት ነው። እንዲሁም ወረ ሂመኖ፥ ወረ ኢሉ የሚባሉት የወሎ አገሮች ስማቸው በዚሁ ቃል ይጀምራል።

ነገሩን ልብ ላለው ሰው በዚህ ውስጥ አንድ ድንቅ ነገር ይገኛል። ከግራኝ ጦርነት አስቀድሞ ከዚህ አገር የሚበዛው ክፍል ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። ከ16ኛው መቶ ዓመት በኋላ የኦሮሞ ሕዝብ በገባ ጊዜ ከነገዶቹ የአንዱ የወሎ ስም ቀስ በቀስ በአገሩ ሁሉ ላይ ዋለ፤ ቤተ የሚለውም በብዙ ስፍራ በወረ ተተካ። ሁለቱ ቃላት ግን የሚሉት አንድ ነው። ቋንቋው ተለወጠ፤ ምድርን በቤተ ሰብ ስም የመጥራት ልማድ ግን አልተለወጠም። መጤ የተባለውና ነባር የተባለው ሕዝብ በዚህ ነገር አንድ ልብ ነበራቸው።

ባቦ ማን ነበር? ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንዲህ ይላል። በ17ኛው መቶ ዓመት ጎዳና የሚባል፥ ከአርሲ ኦሮሞ የተወለደ የእስልምና መምህር መጥቶ ገርፋ በምትባል ስፍራ ተቀመጠ። ባቦም ከእርሱ ተወለደ፤ አገሩም በባቦ ስም ተጠራ። ከዚህም ቤት በ18ኛው መቶ ዓመት መሐመድ ዓሊ የተባለ ብርቱ ሰው ተነሣ። እርሱም ኀይሉን ወደ ምዕራብ ዘርግቶ ወረ ሂመኖን ያዘ፤ ዘሮቹም ኢማም በሚል ማዕርግ የወሎ ገዦች ሆኑ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤቱ መመዶች ተባለ።

ይህ መመዶች የሚለው ስም ብቻውን አንድ ታሪክ ነው። መመድ ማለት መሐመድ የሚለው የዐረብ ስም በአገሩ ሰው አንደበት ተለዝቦ ነው፤ መድረሻው ግን ካህናት፥ መኳንንት ስንል የምንሰማው የግዕዝ ብዙ ቍጥር ሳይሆን፥ ቤቶች፥ ልጆች የምንልበት የአማርኛ ብዙ ቍጥር ነው። እንግዲህ ከኦሮሞ ወገን የተወለደ፥ በዐረብ ስም የተጠራ፥ በአማርኛ ሰዋስው የበዛ ቤት ነው ማለት ነው። በአንዲት ቃል ውስጥ ሦስት ወገን ሲገናኝ ማየት የሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም።

ከመመዶች ጐን የቆመው ሌላው ቤት የየጁው ወረ ሼህ ነው። ስሙም የሼኩ ቤት ማለት ነው፤ የትውልድ ቈጣሪዎች ሼህ ዑመር ከሚባል ሰው ይጀምሩታል። ከዚህ ቤት የጓንጉል ልጅ ታላቁ ራስ ዓሊ በ1776 ዓ.ም. በጐንደር ላይ ሥልጣን ያዙ። ከእርሳቸውም በኋላ ራስ ጉግሣ መርሳ ደብረ ታቦርን መናገሻ አድርገው እስከ 1817 ዓ.ም. ገዙ፤ ልጆቻቸው ይማም፥ ማርዬና ዶሪ ተከታትለው ተተኩ። በመጨረሻም የልጅ ልጃቸው ሁለተኛው ራስ ዓሊ በሰኔ ወር 1845 ዓ.ም. በዐይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፥ ድል ሆኑ። ነገሥታቱ በጐንደር በስም ብቻ ተቀምጠው ሳሉ አገሩን ይመራ የነበረው ይህ የሼኩ ቤት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁለቱን ቤቶች ያገናኘች አንዲት ሴት ናት። የወሎው ኢማም ሊበን ልጅ መነን የራስ ጉግሣን ልጅ አሉላን አገባች፤ ከእርሱም ራስ ዓሊን ወለደች። ኋላም የዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ ሚስት ሆና እቴጌ መነን ተባለች። ራስ ዓሊን በአባት ስም ብቻ የሚቈጥር ሰው ዓሊ፥ አሉላ፥ ጉግሣ፥ መርሳ እያለ ወደ የጁ ይወጣል፤ የመመዶችን ቤት ፈጽሞ አያየውም። ነገር ግን ራስ ዓሊ ግማሽ ደማቸው የመመዶች ነው። የእቴጌ ጣይቱም ነገር እንዲሁ ነው። ጣይቱ ብጡል ሲባሉ በስማቸው ውስጥ የወረ ሼህ ምልክት የለም፤ ዳሩ ግን የአባታቸው የብጡል እናት ሂሩት የራስ ጉግሣ ልጅ ነበሩ። የአባት ስም አንዱን መንገድ ያሳያል፤ ሌሎቹን መንገዶች ሁሉ ይሸፍናል።

ሁለተኛው ዕንቅፋት የአንድ ሰው ስም መብዛት ነው። በዚያ ዘመን መኰንን የሆነ ሰው የትውልድ ስምና የፈረስ ስም ነበረው፤ ሃይማኖት ቢለውጥም የክርስትና ስም ይጨመርለታል። ከመመዶች ቤት ኢማም ዓሊ አባ ቡላ የሚባሉ ነበሩ፤ ልጃቸውም መሐመድ ዓሊ ተባሉ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ አጠገብ በምትገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ መሳፍንት እንዲጠመቁ ሆነ። ያን ጊዜ መሐመድ ዓሊ በዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ዘመዳቸው አባ ዋጠውም በንጉሥ ምኒልክ ክርስትና አባትነት ኀይለ ማርያም ተባሉ። ራስ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ናቸው። እንግዲህ መሐመድ ዓሊ፥ ራስ ሚካኤል፥ አባ ሻንቆ የሚሉትን ሦስቱን ስሞች በሦስት ወረቀት ያገኘ ሰው ነገሩን ካላወቀ ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል። በዚያም ላይ የቤቱ ታላቅ አባትና ከዘሩ የተወለዱት ሚካኤል ሁለቱም መሐመድ ዓሊ ይባላሉና፥ መቶ ዓመት የሚለያያቸውን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል።

ከቦሩ ሜዳ በኋላ የሆነው ነገር ለትውልድ ፈላጊ ከሁሉ የሚከብድ ነው። ከወሎ ሰዎች አንዳንዱ በፈቃዱ፥ አንዳንዱ በፍርሃት ተጠመቀ፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር እንቢ ብሎ ሸፈተ። ስለዚህ ከአንድ አባት የተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ ቤተ ክርስቲያን፥ አንዱ መስጊድ የሚሄድ ሆነ። ራስ ሚካኤል በተንታ የሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ የአጎትና የአክስት ልጆች በነበሩበት ጸንተው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወገን ትውልድ ሲቈጥር አንዱ ሌላውን መዝለል ጀመረ። ክርስቲያኑ ከተጠመቀው አያቱ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ እስላሙም የተጠመቀውን አጎት አይጠራም። ሐረጉ በሰይፍ አልተቈረጠም፤ በዝምታ ተቈረጠ።

ትውልድ ቈጠራ ደግሞ የጦር መሣሪያ የሆነበት ቀን ነበር። የራስ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ፥ በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋ ረገድ የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነበሩ። አባታቸውን በግንቦት ወር 1906 ዓ.ም. ንጉሠ ወሎ ወትግሬ አሰኝተው አነገሡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ከዙፋን ተሻሩ። በዚያን ጊዜ ከተወራባቸው ነገር አንዱ በአባታቸው በኩል ትውልዳቸውን ከነቢዩ መሐመድ ቤት አስቈጥረዋል የሚል ነበር። ንጉሥ ሚካኤልም ለልጃቸው ተነሥተው በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ጦርነት ድል ሆኑ። በኋላም በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ዙፋኑ ከሣህለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ፥ ሐረጉም እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ እንዲቈጠር በ3ኛው አንቀጽ አጸና። አንዱን ሰው ከዙፋን ሲያወርዱት ትውልዱን ከሰሱት፤ ሌላውን በዙፋን ሲያጸኑት ትውልዱን ጻፉለት። የትውልድ ነገር እንደ ተራ ጨዋታ የማይታየው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን ከሰገሌ በኋላ የሆነው ነው። አልጋ ወራሽ የተባሉት የራስ ተፈሪ ባለቤት ወይዘሮ መነን፥ የጃንጥራር አስፋውና የወይዘሮ ስሂን ልጅ ነበሩ፤ ወይዘሮ ስሂንም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩ። ስለዚህ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ በአዲስ አበባ እቴጌ የሆኑት የመመዶች ቤት ልጅ ናቸው። በጐንደር ሣልሳዊው ዮሐንስ ዘንድ እቴጌ የሆኑት መነን፥ በአዲስ አበባም እቴጌ የሆኑት መነን፥ ሁለቱም ከአንድ ቤት በአንድ ስም ወጡ። መነን አስፋው የሚለው ስም ግን ከአምባሰል ጃንጥራሮች በስተቀር የሚያሳየው የለም። የኢማም ዓሊ አባ ቡላ ደም በሰገሌ ሜዳ ተሸነፈ ሲባል በሌላ በር ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ነበር፤ በሩም የእናት በር ነው።

በወሎ ሴቶች የቤቱን ስም ያስተላለፉት በመውለድ ብቻ አይደለም፤ በመግዛትም ጭምር ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት በየልጆቻቸው ስም አገሩን ይገዙ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሄዱ ወይዘሮ ወርቂት ስለ አሳለፈቻቸው፥ በመቅደላ ታስሮ የነበረውን ልጅዋን ዐፄ ቴዎድሮስ አስገደሉት። የእናትን መንገድ ትቶ የአባትን ብቻ የሚቈጥር ሰው እንዲህ ያለውን ሐዘንና ብርታት ከታሪኩ ያወጣዋል።

ቀድሞ ትውልድ መቍጠር እንዳይጠፋ ያደረገው ርስት ነው። በርስት ሥርዐት መሬት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ በሽማግሌ ፊት መቍጠር ነበረበት። ባይቈጥር ይረታል። ስለዚህ ድኃውም ጌታውም ሐረጉን እንደ ጸሎት አጥንቶ ይይዝ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ ርስት ቀረ። ይህ ዐዋጅ ብዙ ጭሰኛን ከጌታው ቀንበር አወጣ፤ ነገር ግን ሳይታሰብ ሌላ ነገር አብሮ አስቀረ። መሬት የማያስገኝ ትውልድ መቍጠር ለምን ይጠቅማል ተባለ። ከዚያ ወዲህ በተወለደው ዘንድ ቍጥሩ አያት ላይ ይቆማል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው 760ኛው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ለልደት መዝገብ አቆመ፤ እርሱም የልጁን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል። ለሚመጣው ትውልድ ይህ ትልቅ ረዳት ነው፤ ያለፈውን ግን ማንም መዝገብ ወደ ኋላ ሄዶ አይጽፍልንም።

ይሁን እንጂ የተጻፈ ምስክር ፈጽሞ የለም አይባልም። የወረ ባቦ ጎረቤት የሆነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን፥ ማለት ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መጻሕፍት ያከማቸ ስፍራ ነው። በአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የገዳሙ መጻሕፍትና ንዋያት ተቈጥረው ተጽፈዋል። አባቶቻችን የምድር ስጦታን፥ የውል ቃልን፥ የምስክሮችን ስም በወንጌል ኅዳግ መጻፍ ልማዳቸው ነበር፤ ቅዱስ መጽሐፍን ማንም አይፍቀውም ብለው ስለሚያምኑ ነው። በእስላሙም ወገን እንደ ገታ፥ እንደ ዳና፥ እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉት የወሎ የትምህርት ስፍራዎች በዐረብ ፊደል የተጻፉ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ መምህሩ ከማን እንደ ተማረ፥ የማን ልጅ እንደ ሆነ መቍጠር በእነርሱም ዘንድ የትምህርት ክፍል ነው። ስለዚህ የአንዱ ቤት ታሪክ ግማሹ በግዕዝ፥ ግማሹ በዐረብኛ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሽ አባት ያገኛል።

እንግዲህ የቤቱን ሐረግ ለመፈለግ የሚነሣ ሰው ከወረ ባቦና ከመመዶች ነገር አራት ትምህርት ሊወስድ ይችላል። አንደኛ፥ የአገሩን ስም ይመርምር፤ የሰው ስም ሲጠፋ የምድር ስም ይቀራልና። ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ አባት የትውልድ ስሙን፥ የፈረስ ስሙን፥ የክርስትና ስሙን፥ ማዕርጉንም በአንድ መስመር አጠገብ ለአጠገብ ይጻፍ፤ አለዚያ አንዱን ሰው ሦስት፥ ሁለቱን ሰው አንድ ያደርጋል። ሦስተኛ፥ በእናት በኩል ሳይቈጥር አልጨረስሁም ይበል እንጂ ጨረስሁ አይበል። አራተኛውም ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በሃይማኖት የተለየውን ዘመድ ከሐረጉ አይፋቅ። የተጻፈው ትውልድ የእምነት ቃል አይደለም፤ ማን ማንን ወለደ የሚለው ምስክርነት ብቻ ነው። ምስክር ደግሞ ያየውን ሲቀንስ ሐሰተኛ ይባላል።

ይህን ነገር ለካህናትና ለከተማ ሰዎች ማሳሰብ የሚገባ የሚሆነው ቀለሙም ብራናውም ከእነርሱ እጅ ስለ ሆነ ነው። ካህኑ በደብሩ ካለው ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈውን ስም ቢገለብጥና ቢያስቀምጥ፥ መጽሐፉ በእሳት ወይም በሌባ ቢጠፋ ስሙ አብሮ አይጠፋም። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ በጽሕፈት ሥራ የሚኖር ሰው ወደ አገር ቤት በወጣ ቀን ደብተር ይዞ ከሽማግሌው ፊት ቢቀመጥ፥ ከጐረቤቱም ሼኩን ቢጠይቅ፥ በአንድ ቀን የሚያገኘውን ከሽማግሌው ቀብር በኋላ በዓመት አያገኘውም። ይህን የሚያደርግ ሰው ምናልባት የሚጠብቀውን ታላቅ አባት አያገኝ ይሆናል፤ ያላሰበውን ወንድም ግን ያገኛል። የባቦ ቤት በአንድ ወገን ብቻ እንዳልቀረ፥ ከገርፋ እስከ ጐንደር፥ ከተንታ እስከ አዲስ አበባ፥ ከመስጊድ እስከ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተዘረጋ፥ የሌላውም ሰው ቤት ተፈልጎ በተገኘ ጊዜ እንዲሁ ሰፊ ሆኖ ይገኛል።